ለመምህር የምትሆን የጠመኔ ሙዳይ

ልጆቻችሁ በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ለመምህራቸው ስጦታ መስጠት ካሰቡ፣ ከሱቅ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ሙዳይ ስፉላቸው። እዚህ ጎጃም የስፌት ሣሩ፣ ስንደዶውም አክርማውም፣ ሩቅ አይደለም። ጠመኔ ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላት ባለ ክዳን ሙዳይ ትበቃለች።

ዋናው ጥንቃቄ አለላው፣ ማለትም ቀለም የተነከረው ሣር፣ ላይ ነው። ሣሩን በፈላ ቀለም ከነከራችሁ በኋላ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ። እኔ ይህን ዘልዬ ለእህቴ የሰፋሁላት ሙዳይ ነጭ ነጠላዋን ቀይ አደረገባት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስትሰፉም ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አቆዩት፤ ከደረቀ ወስፌ በበሳው ቀዳዳ ሲያልፍ ይሰነጠቃል።

የክዳኑን የመጨረሻ ዙር ለልጁ ተዉለት። ቢጣመምም አትፍቱበት፤ የመምህሩን ልብ የሚነካው እሱ ነው። ስፌት ጊዜ ይፈልጋልና በሚያዝያ ጀምሩ።

ለአያት ወይም ለእናት ከሆነ ደግሞ ሰፋ አድርጋችሁ ስፉት፤ የፈተሉትን ልቃቂት ያስቀምጡበታል።