የክሪስታል አወቃቀር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በቆጠራው እንጀምር፣ ዋናው ጣጣ እዚያ ነው። የመዳብን ኩብ (እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራውን ትንሽ ሳጥን)፣ ኤፍሲሲ የሚባለውን፣ ማለትም ጥጎቹና የገጾቹ መሃል ላይ አቶም ያለውን፣ ሥዕል ያዩና ጥጎቹ ላይ 8፣ ገጾቹ ላይ 6፣ በድምሩ 14 አቶም ብለው ይጽፋሉ። ኧረ ተው! ኩቡ እኮ ብቻውን አይደለም፣ ዙሪያውን በሌሎች ኩቦች ተከቧል። የጥጉን አቶም 8 ኩቦች ይጋሩታል፣ የገጹን 2። ስለዚህ ለአንዱ ኩብ የሚደርሰው ከጥጎቹ 1፣ ከገጾቹ 3፣ በቃ 4 አቶም ነው። ካላመናችሁ እፍግታውን አስሉት። የኩቡ ጎን 0.3615 ናኖሜትር ነው፤ በ4 አቶም ስታሰሉት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.9 ግራም ገደማ ይመጣል፣ ልክ እንደ መዳብ። በ14 ከሆነ ግን 31 ግራም አካባቢ ይወጣላችኋል። ከንጥረ ነገሮች ሁሉ እፍግታው የሚበልጠው ኦስሚየም እንኳ 22.6 ነው!

ሁለተኛው፣ ያዩት ኩብ ሁሉ ላይ "ጎኑ 2 የአቶም ራዲየስ ነው" ብሎ መሮጥ። ይሄ የሚሠራው ጥጎቹ ላይ ብቻ አቶም ላለው ቀላል ኩብ ነው። ቢሲሲ (ጥጎቹና የኩቡ መሃል ላይ አቶም ያለው) ላይ አቶሞቹ የሚነካኩት ከጥግ ተነስቶ መሃሉን ሰንጥቆ ተቃራኒው ጥግ በሚደርሰው መስመር ነው፤ ኤፍሲሲ ላይ ደግሞ በገጹ ሰያፍ። ሁለቱም መስመሮች 4 ራዲየስ ናቸው፣ ጎኑ ላይ ግን ክፍተት አለ። ይሄን ከያዛችሁ አቶሞቹ ከኩቡ ምን ያህሉን እንደሚሞሉ የሚነግሩትን ቁጥሮች (ቀላል ኩብ 52፣ ቢሲሲ 68፣ ኤፍሲሲ 74 በመቶ) መሸምደድ አያስፈልግም፣ ራሳችሁ ታወጧቸዋላችሁ።

74 በመቶ የኤፍሲሲ ብቻ የሚመስለውም አለ። ኤችሲፒ የሚባለው ባለ ስድስት ጎን አደራደርም ያው ነው፣ እዚያም አንዱ አቶም 12 ጎረቤት አለው። ልዩነቱ የአቶሞቹ ንብርብሮች የሚደራረቡበት ተራ ነው፦ ሦስተኛው ንብርብር በትክክል ከመጀመሪያው አናት ላይ ካረፈ ኤችሲፒ፣ በሌሎቹ ጎድጓዳዎች ላይ ካረፈ ኤፍሲሲ። እኩል ሉሎችን ከዚህ አብልጦ ማጨቅ እንደማይቻል የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1611 ገምቶ ነበር፤ የሂሳብ ሊቁ ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን ያቀረበው በ1998 ነው።

"ጥቅጥቅ ካለ ከባድ ነው" ማለትም አያዋጣም። የአሉሚኒየም እፍግታ ኤፍሲሲ ሆኖ 2.7፣ የተንግስተን ቢሲሲ ሆኖ 19.3 ነው፤ የአቶሙ ክብደትም አለበት። ማወዳደር የሚያምረው በአንድ ዓይነት አቶም ነው። ብረት (አይረን) 912 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከቢሲሲ ወደ ኤፍሲሲ ሲቀየር፣ እየጋለም ቢሆን ይኮማተራል።

በመጨረሻ፣ መሃል ላይ አቶም ስላያችሁ ብቻ ቢሲሲ አትበሉ። ሲዚየም ክሎራይድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጥጎቹን አንዱ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም)፣ መሃሉን ሌላው ነው የያዘው፤ ቢሲሲ ለመባል ሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው።