ተደብቀው የተሳሰሩ ፋይሎችን ከጊት ታሪክ ማውጣት

አንዱን ፋይል ስታስተካክሉ ከእሱ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ፋይል የሚበላሽባችሁ ከሆነ፣ ኮዱን ከመበርበር በፊት የጊትን፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘውን መሣሪያ፣ መዝገብ ጠይቁ። «ጊት ሎግ» (git log) የተባለውን ትእዛዝ «ኔም ኦንሊ» (--name-only) በሚለው አማራጭ የፋይል ስሞችን እንዲዘረዝር አድርጉና በአንድ ኮሚት (አንድ ላይ በተመዘገበ የለውጥ ጥቅል) አብረው የተነኩ ጥንዶችን ቁጠሩ። ለምሳሌ የደረሰኙ ፋይል 20 ጊዜ ተቀይሮ በ15ቱ የታክስ ሪፖርቱም አብሮ ከተነካ ትስስሩ 75 በመቶ ነው፤ አንዱ ሌላውን ባይጠራም እንኳ። ኮዱ የሚያሳየው ማን ማንን እንደሚጠራ ነው። ሁለት ቦታ የተገለበጠ ቀመር ወይም በጋራ የሚነበብ የዳታቤዝ ዓምድ ግን የሚጋለጠው ኮዱን የሚያስተካክለው ሰው በየጊዜው ሁለቱንም ለመንካት ሲገደድ ነው። የኮዱን አቀማመጥ ለማሳመር ብቻ መቶ ፋይል የነካ ኮሚት ካለ ከቆጠራው አውጡት፤ ሁሉን ከሁሉ ያዛምዳል። ቡድናችሁ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ኮሚት የሚጠቀልል ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፣ ቁጥሩ ይዋሻል።