ብሬከር አጥፍቼም ቆጣሪው መቁጠሩን አላቆመም፦ የኪራይ ቤታችን የመብራት ቢል

አዲስ ዕቃ ሳንገዛ የተከራየነው ቤት የመብራት ቢል በእጥፍ ጨመረ። አምፖሎቹን በሙሉ በኤልኢዲ ቀየርን፣ የፍሪጁን የበር ላስቲክ አስቀየርን፣ ማታ ማታ ሶኬት መንቀል ጀመርን። ምንም ለውጥ የለም። የቆጣሪው ንባብም ከቢሉ ጋር ይገጥማል።

ነገሩ የተገለጠው ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ቆጣሪው ፊት ስቆም ነው። ቤቱ ጨልሞ እንኳ ቀይዋ መብራት በየ5 ሰከንዱ ገደማ ብልጭ ትላለች። የእኛ ቆጣሪ በ1000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ስለዚህ 3600ን በሰከንዱ ብዛት ስታካፍሉ እየተሳበ ያለው ኃይል በዋት ይወጣል፦ 720 ዋት። (የእናንተ ላይ 1600 ወይም 3200 ከተጻፈ ስሌቱ ይለወጣል።) ይህን ያህል የሚስበው ሞተር ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ ብልጭታው ቀጥ ሲል የግቢው የውሃ ፓምፕ ድምፅም አብሮ ጠፋ።

የፓምፑ መስመር ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከራችን በፊት ተቀጥሏል። ብልጭታውን በስልክ ቀርጬ ለአከራያችን አሳየኋቸው፤ ኤሌክትሪሺያን አምጥተው መስመሩን ወደ ግቢው የጋራ ቆጣሪ አዞሩት። ያ ሽቦ ብሬከር ሲጠፋም ኃይል ስላለው በራሳችሁ እንዳትነኩት።

ብሬከር ስታጠፉ ብልጭታው ከቆመ ግን ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ፈልጉ፣ ከውሃ ማሞቂያው ጀምሩ።