ዶልዮ ቻጊ አልሠራ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዶልዮ ቻጊ በቴኳንዶ እግር ከጎን ዞሮ የሚመታበት ርግጫ ነው። ለዓመታት ነጥብ ሲያመጣ የኖረ ይህ ምት የተጋጣሚ ክንድ ላይ ማረፍ ሲጀምር ብዙ ሰልጣኝ ወይ ሌላ ምት ይፈልጋል፣ ወይ ያንኑ በጉልበት ይደጋግማል። ሁለቱም ችግሩን አይነኩትም። መጀመሪያ ጓደኛችሁ ፓድ (የርግጫ መለማመጃ ትራስ) ይያዝላችሁና ሳይንቀሳቀስ 10 ጊዜ ርገጡ። ድምፁ ጥርት ካለና ፓዱ ወደ ኋላ ከተገፋ ምቱ ጤነኛ ነው፤ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ የሚከሽፈው በአጀማመር ወይም በርቀት ነው። ፓዱም ላይ ከደከመ ችግሩ አካል ላይ ነው።

ፓድ ላይ ጉልበት ያጣል

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው እግር ሳይሆን የቆመው ነው። ተረከዙ ወደ ዒላማው እስኪያመለክት ካልዞረ ዳሌ ይታሰራል፤ የሚመታውም ከጉልበት በታች ያለው ብቻ ይሆናል። እዚህ ባሕር ዳር መሬቱም የራሱ ድርሻ አለው። ጠዋት ጣና ዳር ሣር ላይ በስኒከር የሚሠራ ሰው ጫማው መሬቱን ስለሚነክስ ሳያውቀው መዞሩን ይቀንሳል። ክረምት ላይ ሣሩ ሲረጥብ ደግሞ እንዳይንሸራተት ብሎ መላ እግሩን ይተክላል። ልማዱ ማት (የልምምድ ምንጣፍ) ላይም ይከተለዋል። እግር ተተክሎ ዳሌ ሲዞር ጫናው ጉልበት ላይ ስለሚያርፍ ጅማት ይጎዳል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ሩጫና የእግር እንቅስቃሴ ሥሩ፤ ሙሉ ዙር የሚፈልግ ርግጫ ለወለል ይቆይ።

ለማረም፣ ለስላሳ ወለል ላይ በጠመኔ ወደ ዒላማው ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በባዶ እግር፣ በአንድ እጅ ግድግዳ ይዛችሁ በ4 ቆጠራ ሥሩት፦ ጉልበትን ወደ ፊት ማንሳት፣ ተረከዝን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማዞር፣ መዘርጋት፣ አጥፎ መመለስ። ሦስተኛው ላይ ቆማችሁ ቁልቁል እዩ። ተረከዙ በመስመሩ ላይ ወደ ዒላማው ካላመለከተ ያ ምት አይቆጠርም። ከልምምድ በፊት በየእግሩ 10 ይበቃል፤ ፍጥነት የሚጨመረው አሥሩም ሲስተካከሉ ነው።

ፓድ ላይ ጥሩ ነው፣ ስፓሪንግ ላይ ግን ቀድመው ያዩታል

ስልክ በወገብ ከፍታ፣ ተጋጣሚ በሚቆምበት ቦታ አስቀምጡና በስሎው ሞሽን ቅረጹ። ከጉልበቱ በፊት ምን እንደተነቃነቀ ፈልጉ። ሁለት ነገር በብዛት ይታያል፦ የፊት እግር ጣቶች ቀድመው ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ወይም በሚመታው እግር በኩል ያለው እጅ ይወርዳል። ለእጁ፣ ፓድ ስትረግጡ በዚያው እጅ የዶቦካችሁን (የቴኳንዶ ልብሳችሁን) ኮሌታ ያዙ። ለእግሩ፣ ጓደኛችሁ ሆጉ (የደረት መከላከያ) ለብሶ የመጀመሪያውን ምልክት ሲያይ እጁን ያንሳ፤ ምቱ ከእጁ ቀድሞ እስኪደርስ ቀጥሉ።

ቪዲዮው ላይ ምንም ካልታየ ምናልባት የክለባችሁ ልጆች ምታችሁን በቃላቸው ይዘውታል። በየሳምንቱ ከነዚያው ሰዎች ጋር ለሚገናኝ ይህ የማይቀር ነው። ከሌላ ክለብ ሰው ጋር ሞክሩት፤ እዚያ ከሠራ ምቱን አትንኩት። የሚለወጠው ከሱ በፊት ያለው ነው፦ የፊት ጉልበትን አንስታችሁ መልሱ፣ የተጋጣሚ ክንድ ሲወርድ በኋላው እግር ግቡ። የተጋጣሚ እግር ከርግጫ ተመልሶ መሬት በሚነካበት ቅጽበት መምታትም ጥሩ ነው፤ ያኔ መሸሽ አይችልም።

ምቱ ሳይዘረጋ ተጋጣሚው ደረት ለደረት ከገጠማችሁ ርቀቱ ጠቧል። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ውሰዱ ወይም በፊተኛው እግር ርገጡ።

መጀመሪያው ዙር ላይ ሠርቶ ሦስተኛው ላይ ይሞታል

ሲደክም ጉልበት ዝቅ ብሎ ስለሚነሳ ምቱ ከሥር መጥቶ የተጋጣሚ ክርን ላይ ያርፋል። ፓዱን የ2 ደቂቃ 3 ዙር፣ በመሃል የ1 ደቂቃ እረፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ በየዙሩ የመጨረሻ 20 ሰከንድ ዶልዮ ብቻ ይሁን። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ይህን ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱት። ድካሙ እስኪስተካከል ጭንቅላት ላይ ያለውን 3 ነጥብ ትታችሁ ሆጉ ላይ ያለውን 2 ነጥብ ያዙ።

ተረከዝ ሲዞር ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ወይም ጉልበቱ ካበጠ፣ ርግጫውን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።