ዩኬ ውስጥ ዛፍ ቆራጭ ሆናችሁ ኢንሹራንስ ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የብቃት ሰርተፍኬት ከሌለኝ ኢንሹራንስ ይሰጡኛል ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁ፣ መሸጡንማ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም፣ ጣጣው የሚመጣው ጉዳት ደርሶ ክፈሉኝ ስትሉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት "ሕጉ አያስገድድም" ብሎ መዝናናት። እውነት ነው፣ ትሪ ሰርጀን (ዛፍ ቆራጭ) ለመባል የመንግሥት ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም፣ ማንም ቫኑ ላይ አስጽፎ መዞር ይችላል። ግን በ1998 የወጣው የሥራ መሣሪያ ደንብ (ፑወር የሚሉት) አለላችሁ፣ የሱ መመሪያ ዛፍ ላይ በቼይንሶው (በሞተር መጋዝ) የሚሠራ ሰው ሠልጥኖ የብቃት ሰርተፍኬት ይያዝ ይላል፣ ገና እየተማረ ጎበዝ ሰው አጠገቡ ሆኖ ካልተቆጣጠረው በቀር። ለራሴ ነው የምሠራው ማለትም አያድንም። ኢንሹራንሶቹም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ወስደው ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስገቡታል፣ እኛ ደግሞ ዋጋውን እንጂ ያን ገጽ አናነብም።

ሌላው ኮርስ መውሰድና ሰርተፍኬት መያዝን አንድ ማድረግ ነው። ሥልጠናውን ስትጨርሱ የሚሰጣችሁ ወረቀት "ሥልጠናው ላይ ተገኝቷል" ብቻ ነው የሚለው። ሰርተፍኬቱ የሚመጣው ከዛ በኋላ ሌላ ገምጋሚ መጥቶ ስትሠሩ አይቶ ሲያሳልፋችሁ ነው፣ ሰርተፍኬቱም ሲቲ ኤንድ ጊልድስ ወይ ላንትራ ከሚባሉት ሰጪ ድርጅቶች ነው። ብዙ ሰው ለግምገማው ደግሞ አልከፍልም ብሎ እዛው ላይ ያቆማል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን መሬት ላይ ቆሞ ለመሥራት ብቻ የሚሆን ሰርተፍኬት ይዞ ዛፍ ላይ መውጣት ነው። ሰርተፍኬቱ በሥራ ዓይነት የተከፋፈለ ነው፣ ቼይንሶው መጠገንና የወደቀ ግንድ መቆራረጥ ለብቻ፣ ትንሽ ዛፍ መጣል ለብቻ፣ በገመድ መውጣትና ከላይ ሰው ማውረድ ለብቻ፣ ገመድ ላይ ሆኖ በቼይንሶው መቁረጥ ደግሞ ሌላ። የትንሽ ዛፍ መጣል ሰርተፍኬት ብቻ ያለው ሰው ላይ ወጥቶ የቆረጠው ቅርንጫፍ የጎረቤት ጣሪያ ቢሰብር፣ ኢንሹራንሱ የሚልከው ጉዳት ገማች መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ነበር ላይ የወጣው፣ ወረቀቱስ የታለ ብሎ ነው። ፖሊሲው ላይ የከፍታ ገደብም ሊኖር ስለሚችል እሱንም እዩ።

ረዳት የምትይዙ ደግሞ "ሰውዬው ሰልፍ ኢምፕሎይድ (ለራሱ የሚሠራ) ነው" ብላችሁ አትለፉት። በእናንተ መሣሪያ፣ በእናንተ ትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ እንደ ሠራተኛ ሊቆጠር ይችላል፣ ያኔ የአሠሪ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው (ቢያንስ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሸፍን)፣ ሳይኖራችሁ ለሠራችሁበት ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 2,500 ፓውንድ ልትቀጡ ትችላላችሁ። ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነው ግን በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ቢሆንም ያለሱ ሥራ የሚሰጣችሁ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የምታገኙ አይመስለኝም።

የመውጫ ገመድና ሃርነስም (ሰውነት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) በየ6 ወሩ በሚያውቅ ሰው ተመርምሮ ሪፖርት ሊኖረው ይገባል፣ ሪፖርቱን አትጣሉት።

ፎርም ላይ መዋሸት የሚባለውንማ ተዉት። ሆን ብላችሁ የሌለ ሰርተፍኬት አለኝ ካላችሁ በ2015ቱ የኢንሹራንስ ሕግ ውሉን አፍርሰው፣ ክሌሙን (የካሳ ጥያቄውን) ከልክለው የከፈላችሁትንም ያስቀሩታል። ይልቅ ያላችሁን ሰርተፍኬት ፎቶ አንስታችሁ "በነዚህ ብቻ እስከ ምን ሥራ ነው የምትሸፍኑኝ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ ስልክ ላይ የተባለውን በኋላ አላልንም ሊሏችሁ ይችላሉ።