የቅርጫት ኳስ ቡድንን በወጣት የድራፍት ምርጫዎች እንዴት እንደገና መገንባት ይቻላል? የኦክላሆማ ሲቲ መንገድ

ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ጁን 2025 ላይ ኢንዲያና ፔሰርስን 4 ለ 3 ረትቶ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤን፣ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ሰባተኛው ጨዋታ የተጀመረው በእኛ ሰዓት ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። እንቅልፉን ሰውቶ ያየ ሰው የተጫዋቾቹ ዕድሜ ሳያስገርመው አልቀረም። ከ1977ቱ ፖርትላንድ ወዲህ በዕድሜ እንዲህ ለጋ የሆነ ሻምፒዮን አልታየም። ይኸው ቡድን ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ከ72 ጨዋታ 50ውን ተሸንፎ ነው የውድድር ዘመኑን የጨረሰው።

ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደተደረሰ በደረጃ እንየው። የቡድን ባለቤት ባትሆኑም ግድ የለም። የምትደግፉት ቡድን «እየገነባን ነው፣ ታገሱን» ሲላችሁ የምሩን ይሁን እያሞኛችሁ ለመለየት ይጠቅማችኋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ደንቡን እወቁ

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ ግራ ነው። እግር ኳስ ላይ መጨረሻ የወጣ ቡድን ይወርዳል። ኤንቢኤ ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም ተሸናፊው ይካሳል። በየዓመቱ 30ዎቹ ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በሁለት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ደካማው ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ተራው ራሱም እንደ ዕቃ ይሸጣል፣ ይለወጣል።

«ሰፊ ነው» እንጂ «የእሱ ነው» አላልኩም። ጥሎ ማለፍ ያልገቡት 14 ቡድኖች ሎተሪ ይወጣላቸዋል። በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ሦስቱ ደካሞች አንደኛ የመምረጥ ዕድላቸው እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ብቻ ሆነ። ዲትሮይት በ2023-24 14 ጨዋታ አሸንፎ 68 ተሸነፈ፤ ከዚያ ውስጥ 28ቱን በተከታታይ። ሎተሪው ሲወጣ ምን ደረሰው? አምስተኛ ተራ። በ2025 ደግሞ 1.8 በመቶ ዕድል የነበረው ዳላስ አንደኛ ወጥቶ ኩፐር ፍላግን ወሰደ። ስለዚህ ዕቅዳችሁ «እንሸነፍና አንደኛ እንምረጥ» ብቻ ከሆነ ዕቅድ የላችሁም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ኮከባችሁን ገዢው ሲቸኩል ሽጡት

ለእኔ ከሁሉም ደረጃ የሚበልጠው ይህ ነው። ደጋፊ ግን በጣም የሚጠላውም እሱን ነው።

በ2019 ክረምት ኮከቡ ካዋይ ሌናርድ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ለመሄድ አንድ ነገር ፈለገ፦ ፖል ጆርጅ አብሮት እንዲጫወት። ጆርጅ ደግሞ የኦክላሆማ ሲቲ ተጫዋች ነበር፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ ሦስተኛ ወጥቷል። ሲጠየቅ እሱም ልሂድ አለ። የኦክላሆማ ሲቲው ኃላፊ ሳም ፕሬስቲ ሁለት ነገር ገባው። አንደኛ፣ ክሊፐርሶች ጆርጅን ካጡ ካዋይንም ያጣሉ። ሁለተኛ፣ ይህን የሚያውቁት እነሱም ጭምር ናቸው።

የጠየቀውን ዋጋ እዩት። አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ። ሁለት ጊዜ ምርጫ የመቀያየር መብት፣ ማለትም የክሊፐርስ ተራ የተሻለ ሆኖ ከተገኘ «የእኔን ውሰድ፣ ያንተን አምጣ» ማለት። ዳኒሎ ጋሊናሪ። በላዩ ላይ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 10.8 ነጥብ ያስቆጠረ፣ ገና 21 ያልሞላው ልጅ፦ ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር። ይህ ልጅ በ2025 የሊጉም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ብዙ ምርጫ መጠየቅ ብቻ አይደለም። ሩቁን ዓመት ጠይቁ። ዛሬ ኮከብ የሚገዛ ቡድን ዛሬ ጠንካራ ነው፤ የዘንድሮ ምርጫው ዋጋ የለውም። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ኮከቦቹ ያረጃሉ፣ ይጎዳሉ፣ ይኮርፋሉ። ያኔ ምርጫው በእናንተ እጅ ነው። ብሩክሊን በ2013 ለአረጁት ለኬቨን ጋርኔትና ለፖል ፒርስ ብሎ የዓመታት ምርጫውን ለቦስተን አሳልፎ ሰጠ። ቦስተን በዚያ ጄለን ብራውንንና ጄሰን ቴተምን አገኘ፤ በ2024 ዋንጫ በሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ ሌላው የጠላውን ኮንትራት ተሸከሙ፣ ግን አስከፍሉ

ኤንቢኤ የደመወዝ ጣሪያ አለው። ስለዚህ ለአንድ ያረጀ ተጫዋች 30 እና 40 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል ቡድን እጁ ይታሰራል። እናንተ ደግሞ እየገነባችሁ ስለሆነ ቦታ አላችሁ። «ሰውየውን ልውሰድልህ፤ ከላዩ ምርጫ ጣልበት» ትላላችሁ።

ፕሬስቲ ይህን ደጋግሞ አደረገው። ራስል ዌስትብሩክን ለሂዩስተን ሰጥቶ ክሪስ ፖልን ከምርጫዎች ጋር ወሰደ። ያኔ የፖልን ኮንትራት የሚፈልገው አልነበረም። ፖል ኦክላሆማ ሲቲ ገብቶ በደንብ ተጫወተ፣ ኦል ስታር (ለከዋክብቱ ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፣ በዓመቱ በተራው ለፊኒክስ ተሸጠ። አል ሆርፎርድም ከፊላደልፊያ የመጣው ምርጫ ተመርቆበት ነው። ሲወጣ ደግሞ ኬምባ ዎከርንና ሌላ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አስገኘ። አሮጌ ተጫዋች ሲገባም ሲወጣም ከፈለ።

ደረጃ 3፦ ሽንፈቱን ቻሉት፣ ገደብ ግን አብጁለት

ሆን ተብሎ ሲሸነፉ ተጫዋቾቹ ኳስ የሚስቱ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም፤ ሜዳ ውስጥ ያለ ልጅ ለኮንትራቱ ነው የሚሮጠው። የሚሸነፈው ቢሮው ነው። ሆርፎርድ በ2021 ጤነኛ ሆኖ ሳለ መጋቢት ላይ «ከእንግዲህ ዘንድሮ አትጫወትም» ተባለና ተቀመጠ፤ ደቂቃው ለልጆች ተሰጠ። ውጤቱ የታወቀ ነው።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ዲሴምበር 2፣ 2021 ሜምፊስ ላይ 152 ለ 79 ተሸነፉ። በ73 ነጥብ! በኤንቢኤ ታሪክ ከዚያ የሰፋ ልዩነት የለም። ጊልጀስ-አሌክሳንደር በዚያ ምሽት አልተሰለፈም፤ የሜምፊሱ ጃ ሞራንትም እንደዚያው። እንዲህ ያለውን ምሽት ባለቤቱ ችሎ ካላሳለፈ፣ ኃላፊውን በማግስቱ የሚያባርር ከሆነ፣ ይህን መንገድ ባትጀምሩት ይሻላል።

ገደቡስ? ኦክላሆማ ሲቲ በእውነት የተሸነፈው ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ነው፦ 22-50 እና 24-58 (ድል-ሽንፈት)። ቀጥሎ 40-42፣ ከዚያ 57-25፣ ከዚያ 68-14። ፊላደልፊያን ደግሞ በሌላ በኩል እዩት። የቡድኑ ኃላፊ ሳም ሂንኪ ከ2013 ጀምሮ ሲሸነፍ ሲሸነፍ በ2015-16 10 አሸንፎ 72 ተሸነፈ። ጆኤል ኤምቢድን አገኘ፤ እውነት ነው። ቡድኑ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ አንደኛ መርጦም ቤን ሲመንስንና ማርኬል ፉልትዝን ወሰደ። ሆኖም በኤምቢድ ዘመን ከሁለተኛው ዙር ጥሎ ማለፍ አላለፈም። በእኔ ግምት ችግሩ የምርጫ ማነስ አልነበረም። ልጆቹ ያደጉት ማሸነፍ ሥራቸው ባልሆነበት ቤት ነው።

ደረጃ 4፦ ብዙ ምረጡ፣ ምክንያቱም ትሳሳታላችሁ

የትኛው ልጅ ኮከብ እንደሚሆን ማንም አይቶ አያውቅም። ፕሬስቲም አያውቅም። በ2020 በአሌክሴ ፖኩሼቭስኪ ላይ ተወራረደ፤ አልሆነም። በ2021 16ኛ ላይ የተመረጠውን አልፐረን ሼንጉንን ወዲያው ለሂዩስተን በሁለት የወደፊት ምርጫ ለወጠው፤ ሼንጉን ኦል ስታር ሆነ። ሌላ ቡድን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስሕተት ሰው ያስባርራል። እነሱ ግን ከ15 በላይ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ በእጃቸው ስለነበረ ቻሉት።

ትልቁ ማሳያ የ2022 ድራፍት ነው። ሁለተኛ ላይ ቼት ሆልምግሬንን መረጡ፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። 12ኛ ላይ ግን ጄለን ዊሊያምስን ወሰዱ። ልጁ የተጫወተው በትንሿ ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ግን ወደ 2 ሜትር ከ18 ይደርሳል። ኳስ ይዞ ያስባል፣ ያቀብላል፣ ረጃጅሙንም አጫጭሩንም ይከላከላል። ያ 12ኛ ተራ የማን ነበር? የክሊፐርስ። ከጆርጅ ሽያጭ የመጣ ነው።

በእነሱ ምርጫ ውስጥ የሚደጋገም ነገር አለ፦ ረጅም እጅ፣ ማቀበል የሚችል፣ በፍጥነት የሚወስን። ሹቱ ይስተካከላል ብለው ያስባሉ። የመጨረሻዎቹንም ተራዎች አይንቁም። አሮን ዊጊንስ 55ኛ ነው የተመረጠው። ሉ ዶርትን ጭራሽ የመረጠው የለም።

ደረጃ 5፦ የመረጣችሁትን አሳድጉ

በ2020 አሰልጣኝ ያደረጉት ማርክ ዴግኖልትን ነው። ያኔ 35 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ብሉ የተባለውን የክለቡን የጂ ሊግ (የኤንቢኤ ማሳደጊያ ሊግ) ቡድን ያሠለጥን ነበር። ልጆችን ማሳደግ ሥራው ነው፤ ስም ያለው አሰልጣኝ ግን 73 ነጥብ የሚሸነፍ ቡድን አይዝም።

የሹት አሰልጣኝ ላይም ገንዘብ አውጡ። በሳን አንቶኒዮ ስሙን የተከለውን ቺፕ ኢንግለንድን በ2022 አመጡት። ዶርት በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ ርቀት 30 በመቶ አካባቢ ነበር የሚያገባው፤ በሻምፒዮናው ዓመት 41 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እሱን ክፍት መተው አይቻልም።

የተጎዳ ልጅ አታስቸኩሉ። ሆልምግሬን በ2022 ክረምት፣ ገና አንድ የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት፣ እግሩ ተጎዳ። ሙሉውን ዓመት አስቀመጡት።

ደረጃ 6፦ ያጠራቀማችሁትን አውጡ

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን ይሰንፋል። ወጣት ይወዳሉ፣ ምርጫ ያከማቻሉ፣ «ገና ነን» እያሉ ዓመት ያልፋል።

በ2024 ጥሎ ማለፍ ዳላስ አንድ ቀዳዳ አገኘባቸው። ጆሽ ጊዲን፣ በ2021 ስድስተኛ የመረጡትን ልጅ፣ ሳይሸፍኑት ተዉት፤ «ሹት አድርግ» ነው ነገሩ። አላገባም። ከቋሚ አሰላለፍ ወጣ፣ ቡድኑም 4 ለ 2 ተሸንፎ ወደቀ። ፕሬስቲ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ እርምጃ ወሰደ። የ21 ዓመቱን ጊዲ ለቺካጎ ሰጥቶ የ30 ዓመቱን አሌክስ ካሩሶን ወሰደ፣ አንድ ለአንድ። ካሩሶ ብዙ አያስቆጥርም፤ የተቃራኒውን ኮከብ ግን ያስጨንቃል። ከዚያ አይዛያ ሃርተንስታይንን በሦስት ዓመት 87 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ፤ ሪባውንድ (ተስቶ የሚመለስ ኳስ) ያጡ ነበርና። በቀጣዩ ዓመት 68 ጨዋታ አሸነፉ።

ምልክቱ ይህ ነው፦ ልጆቻችሁ ጥሎ ማለፍ ገብተው ሲሸነፉ ምን እንደጎደላቸው በግልጽ ካያችሁ፣ ጊዜው ደርሷል። ምን እንደጎደለ ካልታያችሁ ግን ገና ነው፤ ኪሳችሁን ዝጉ።

ደረጃ 7፦ ደመወዙ ሳይመጣባችሁ ተዘጋጁ

የመጀመሪያ ዙር ልጅ ደመወዙ በሰንጠረዥ የተወሰነ ነው። አራት ዓመት በርካሽ ይጫወትላችኋል። ዊሊያምስ በሻምፒዮናው ዓመት ያገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ሆልምግሬን ወደ 11 ሚሊዮን። ለሃርተንስታይን ገንዘብ የተገኘው ከዚህ ነው።

ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል። ይህ ክለብ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ኬቨን ዱራንትን፣ ራስል ዌስትብሩክንና ጄምስ ሃርደንን በሦስት ተከታታይ ድራፍት መርጦ በ2012 ፍጻሜ ደረሰ፤ በማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በኮንትራት ድርድር ሳይስማሙ ቀርተው ሃርደን ወደ ሂዩስተን ተላከ። ሦስቱም በየተራቸው የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነዋል። አብረው ግን አንድም ዋንጫ የለም።

በ2025 ክረምት ይህ አልተደገመም። ጊልጀስ-አሌክሳንደር አራት ዓመት በ285 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሆልምግሬንና ዊሊያምስም በዚያው ሰሞን የአምስት አምስት ዓመት ትልልቅ ኮንትራት ፈረሙ። ችግሩ በ2023 የወጣው የሊጉ ስምምነት ነው። በጣም ብዙ የሚከፍል ቡድን ግብር ብቻ አይደለም የሚጣልበት፤ የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች መለወጥም ይከለከላል። ስለዚህ ሦስቱን ለማቆየት ከአራተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ያለው ሰው ርካሽ መሆን አለበት። እንግዲህ ዋንጫ እያነሳችሁም ድራፍቱን አትልቀቁት። በ2024 38ኛ ላይ የተመረጠውን ኤጄይ ሚቸልን የመሰለ ልጅ በየሁለት ዓመቱ አንድ ካገኛችሁ፣ ካሩሶ ሲያረጅ ምትክ ፍለጋ ገበያ አትወጡም።