ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ለምትማሪ ሴት፦ ኮርቻው ለምን ያማል? ምንስ ይደረጋል?

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት መማር የጀመሩ ብዙ ሴቶች ጮክ ብለው የማይናገሩት ነገር አለ። ኮርቻው ያማል። መቀመጫን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሚያመው ፊት ለፊት፣ ብልት አካባቢ ነው። አስተማሪሽ ወንድ ከሆነ ደግሞ መጠየቁ ራሱ ይከብዳል። እናም «ይለመዳል» እያልን ጥርሳችንን ነክሰን እንቀጥላለን፣ ከዚያ አንድ ቀን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈን በዚያው እንቀራለን።

እኔም ልተወው ጫፍ ደርሼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከልምምድ ተመልሼ ሻወር ስገባ ውሃው እንደነካኝ ጮህኩ። ጂንስ ነበር የለበስኩት። ጂንስ እግሮቹ መሃል፣ አራቱ ስፌት የሚገጣጠምበት ቦታ ላይ፣ ጠጠር የመሰለ ቋጠሮ አለው። ልክ እሱ ያረፈበት ቦታ ተልጦ ቀልቷል። «ይለመዳል» የሚለውን መስማት ያቆምኩት ያን ቀን ነው። የመቀመጫ አጥንት ላይ የሚሰማ ትንሽ ህመም አዎ፣ ይለመዳል። መደንዘዝ፣ ማቃጠልና መላጥ ግን አይለመድም፤ አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ አብዛኛውን የምታስተካክዪው ምንም ሳትገዢ ነው።

ለምን እንደሚያም እንይ። ተራ ብስክሌት ላይ ክብደትሽን እጀታው፣ ፔዳሉና ኮርቻው ይካፈሉታል፣ ሲደክምሽም ብድግ ትያለሽ ወይም ወደ ኋላ ሸርተት ትያለሽ። እዚህ እጀታ የለም። ሚዛንሽን እንድትጠብቂ አብዛኛው ክብደትሽ ኮርቻው ላይ መሆን አለበት፣ ጀማሪ ደግሞ እንደ ልቧ ብድግ ማለት ስለማትችል ያው አንድ ቦታ ያለ እረፍት ይጫናል። በዚያ ላይ ኮርቻው መሃሉ የጎደጎደ፣ ጫፎቹ ሽቅብ የወጡ ነው። የፊተኛው ጫፍ ቀጥታ የሚያገኘው ለስላሳውን አካል ነው።

ክብደትሽን መሸከም ያለባቸው ሁለት አጥንቶች ናቸው። ደረጃ ላይ ወይም ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ መዳፎችሽን ከስርሽ አስገቢና ወዲያ ወዲህ በይ። በግራና በቀኝ የሚቆረቁሩሽ ሁለቱ ጉብታዎች እነሱ ናቸው። አሁን ወደ ፊት ጎንበስ በይ። አየሽ? ክብደቱ አጥንቶቹን ለቆ ወደ ፊት መጣ። ስትማሪም የሚሆነው ይኸው ነው፤ መውደቅ ስለምትፈሪ ጎማውን ጎማውን ታያለሽ፣ ትጎብጫለሽ፣ ዳሌሽ ወደ ፊት ይዞራል፣ ሸክሙም በማይገባው ቦታ ያርፋል። የሴት የመቀመጫ አጥንቶች ደግሞ በአብዛኛው ከወንድ ይልቅ የተራራቁ ስለሆኑ ጠባብ ኮርቻ ላይ በደንብ ሳያርፉ ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አቀማመጥ ነው። ከመውጣትሽ በፊት ኮርቻውን በእግሮችሽ መሃል አስገብተሽ የፊተኛውን ጫፍ በእጅሽ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠጋሽ ድረስ። ልብስሽ ተጨማድዶ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክዪው፣ ከወጣሽ በኋላ አይሆንም። ስትወጪ ዘለሽ አትውደቂበት። ግድግዳ ወይም የሰው ትከሻ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ክብደትሽን አሳርፊ። ዓይንሽ ራቅ ያለ ቦታ ይይ፣ ወገብሽ ቀጥ ይበል፣ ጅራት ቢኖርሽ ወደ ውስጥ የምታጥፊው ይመስል ዳሌሽን ትንሽ ሰብስቢው። እኔ ያለ ምንም ለውጥ በዚህ ብቻ ግማሹ ህመም ቀለለልኝ።

ቀጥሎ ቁመቱ። ብዙ ጀማሪ ከፍታው ስለሚያስፈራት ኮርቻውን በጣም ታወርደዋለች። ግድግዳ ይዘሽ ተቀመጪና አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርደሽ ተረከዝሽን አድርጊበት፤ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግርሽን የፊተኛ ክፍል ፔዳሉ ላይ ስታደርጊ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ያ ነው ልኩ። ዝቅ ካለ ጭንሽ ቶሎ ይዝልና እግርሽ ላይ ተንጠልጥለሽ መንዳት ትጀምሪያለሽ፣ በየዙሩ ከኮርቻው ብድግ እያልሽ ስትመለሺ ደግሞ ያው ቦታ ይፋቃል። ከፍ ካለም ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌሽ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ብሽሽትሽ ይላጣል። ራስሽን ማየት ስለማትችዪ ስልክሽን አንድ ነገር ላይ አስደግፈሽ ከኋላ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ዳሌሽ ከተወዛወዘ በግማሽ ሴንቲ ሜትር አውርጂው። ኮርቻውን የሚሸከመው ብረት ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል ምልክት አለ፣ እሱን እንዳታልፊ።

አሁን ብዙ ሰው የማይነካው ነገር፣ ዘንበሉ። የፊተኛውና የኋለኛው ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆኑ አድርገሽ ጀምሪ። ፊት ለፊት የሚጫንሽ ከሆነ የፊተኛውን ጫፍ በጥቂቱ ዝቅ አድርጊው። አንዳንዱ ብስክሌት ዘንበሉን የምትቀይሪበት ቡሎን አለው። ብዙ የጀማሪ ብስክሌት ግን የለውም፤ ኮርቻው በአራት ቡሎን ዝም ብሎ ታስሯል። እሱም ቢሆን መላ አለው። ብስክሌቱን ገልብጪው፣ ከኋላ በኩል ያሉትን ሁለት ቡሎኖች ፍቺ፣ ከፊት ያሉትን አላሊ፣ በኮርቻውና እሱ በታሰረበት የብረት ሳህን መሃል በእያንዳንዱ የኋላ ቡሎን ላይ አንድ ወይም ሁለት ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ክብ ስስ ብረት) አስገቢና መልሰሽ እሰሪ። የኋላው ከፍ ሲል የፊቱ ዝቅ ይላል። ቡሎኑ ጥርሱን በደንብ መያዙን እዪ፣ ካጠረ ረዘም ባለ ቀይሪው። ደግሞ አታብዢው። ወደ ፊት እየተንሸራተትሽ በየደቂቃው ራስሽን ወደ ኋላ የምትገፊ ከሆነ አልፈሽዋል ማለት ነው፣ አንድ ሮንዴላ አውጪ። ቁመትና ዘንበል በአንድ ቀን አትቀይሪ፣ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም።

ልብስ ላይ ጂንስን እርሺው። ስፌቱ መሃል ላይ ያልመጣ፣ ጥብቅ ያለ ታይት በቂ ነው። መቀመጫው ላይ የተሰፋ ስፖንጅ (ፓድ) ያለው የብስክሌት ቁምጣ ካገኘሽ የተሻለ፣ ግን የሴት ይሁን፤ የወንዱ ፓድ የተሠራው ለሌላ አካል ነው። ከስሩ ፓንት አይለበስም። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፣ የፓንቱ ጠርዝ ግን ፓድ ስር ሆኖ እንደ ገመድ ይከረክራል። ቁምጣው ሰፊና የሚታጠፍ ከሆነ ራሱ ይልጣል፣ ስለዚህ ልክሽን ምረጪ። በየልምምዱ ይታጠብ። ልምምድ ስትጨርሺ በላብሽ አትቀመጪ፣ ወዲያው ቀይሪ። ብሽሽትሽ የሚፋቅ ከሆነ ስስ ቫዝሊን ቀቢ፤ ሽታ ያለው ወይም የሚያቀዘቅዝ ቅባት ግን ወደዚያ አታቅርቢ። ጸጉርሽን በምላጭ ተላጭተሽ በማግስቱ አትንጂ፣ እየበቀለ ያለ ጸጉር ከፍትጊያ ጋር ቶሎ ይቆጣል። ማሳጠር ይሻላል። በወር አበባ ጊዜ የሞዴስ ጠርዝ ስለሚፋቅ ስስ የሆነውን ምረጪ፣ ወይም ከለመድሽ ታምፖን ወይም የወር አበባ ካፕ (ወደ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ስኒ) ይመቻል።

ኮርቻ ልቀይር ካልሽ ለስላሳነቱ አይሸውድሽ። በጣም ወፍራም ስፖንጅ ላይ አጥንቶችሽ ሰምጠው ይቀራሉ፣ ስፖንጁ ደግሞ መሃል ላይ ሽቅብ ይገፋሻል። የምትፈልጊው ከኋላ በኩል አጥንቶችሽን የሚይዝ፣ መሃሉ ላይ ቦይ ወይም ቀዳዳ ያለው፣ በጣም ያልጎበጠ ኮርቻ ነው። የተራ ብስክሌት ሰፊ ኮርቻ አይሆንም፣ ጭንሽን ከፍቶ ይፈገፍገዋል። አንዳንድ ነጂዎች ከሽፋኑ ስር ትንሽ የውስጥ ጎማ አስገብተው ነፋስ ይሞሉታል። ረጅም መንገድ ለሚነዱ ምቹ ነው። ለጀማሪ ግን ይዋልላልና ሚዛንሽን እስክትይዢ ቆዪ።

እረፍት ደግሞ እንደ ስንፍና አትቁጠሪው። በየ5 ወይም 10 ደቂቃው ውረጂ፣ ተራመጂ፣ ደም ይዘዋወር። ከደነዘዘሽ ደቂቃ አትቁጠሪ፣ ያኔውኑ ውረጂ፤ ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። በቀን 20 ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመታገል ለቆዳሽም ለሚዛንሽም ይሻላል። ኋላ ላይ ስትጎብዢ ከኮርቻው የፊተኛ ጫፍ ያለውን መያዣ ይዘሽ ለጥቂት ዙር ከፍ ማለት ትችያለሽ፣ ያኔ ሌላ ዓለም ነው። ከልምምድ በኋላ ውሃ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ።

መደንዘዙ ከወረድሽ በኋላ ካልለቀቀሽ፣ አንዱ ወገን ካበጠ፣ ቁስሉ ከጠነከረ ወይም መግል ከያዘ፣ ሽንትሽ ላይ ደም ካየሽ ልምምዱን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በቅርቡ የወለድሽ ከሆነ ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ።

አስተማሪሽን መጠየቅ ካሳፈረሽ ስለ ሰውነትሽ ማብራራት አይጠበቅብሽም። ስለ ብስክሌቱ ብቻ ንገሪው፦ «ኮርቻው ፊት ለፊት ይጫነኛል፣ ከኋላ በኩል ሁለት ሮንዴላ እናስገባ።» ቁልፍ ያቀብልሻል።